ብስክሌት ያልተጻፈበት ሹራብ

የመጀመሪያውን የሱፍ ማልያዬን የገደልኩት ራሴ ነኝ። ያውም ስንከባከበው። ለወራት ገንዘብ ቋጥሬ የገዛሁት፣ ሜሪኖ ከሚባል የበግ ዝርያ ሱፍ የተሠራ ለስላሳ ማልያ ነበር፤ ደረቱ ላይ ትንሽዬ ብስክሌት ተጠልፎበታል። ሁለት ሳምንት ለብሼው ነዳሁ። በሦስተኛው ሳምንት «ውድ ልብስ ነው፣ በደንብ ይታጠብ እንጂ» ብዬ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። የዱቄት ሳሙና ነሰነስኩበት። አሸሁት፣ ጨመቅኩት፣ ጠመዘዝኩት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ማታ ላነሳው ስሄድ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለው የስድስት ዓመት ልጅ ልብስ ነው።

አብረውን የሚነዱ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መላ አያጡም ብዬ ማልያውን ይዤላቸው ሄድኩ። ገልበጥ አድርገው አዩት፤ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«አጥቤው እኮ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«አላጠብሽውም። ቀቀልሽው» አሉኝ።

ከዚያ የለበሱትን ሹራብ በሁለት ጣታቸው ከደረታቸው ሳብ አድርገው፣ «ይሄ ስንት ዓመቱ ይመስልሻል?» አሉ። ግራጫ ነው። ስስ፣ አንገቱ ሹል፣ ቢሮ የሚለበስ ዓይነት ሹራብ። ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል።

«አምስት?»

«አሥራ አንድ። ስገዛውም ሰልባጅ ነበር። ከኔ በፊት ማን እንደለበሰው እግዜር ይወቀው።» ትንሽ ዝም አሉና ጨመሩ። «በዓመት አራቴ ቢታጠብ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት! የኔው የቆየው አሥራ ሰባት ቀን ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ብስክሌት የተጻፈበት የሱፍ ልብስ ገዝቼ አላውቅም። ያሉኝን የሱፍ ልብሶች በሙሉ ያገኘኋቸው ለሌላ ሥራ ከተሠሩት መካከል ነው። አብዛኞቹ የሌላ ሰው ነበሩ። ዋጋቸው ከዚያች ማልያ ጋር አይወዳደርም፤ ዕድሜያቸውም እንደዚያው። ሱፍ ውድ የሚሆነው ቃሉ ላይ ነው። «የብስክሌት» የሚል ቃል ሲጨመርበት ያው ክር ሌላ ዋጋ ይጠራል። በግዢ ከተረፈ ደግሞ የምንገድለው በጥንቃቄ ብዛት ነው።

መቼም ሱፍ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ኮትና ከረባት ነው። «ሱፍ ለብሶ መጣ» ሲባል ስብሰባ እንጂ ዳገት አይታሰብም። እኔም እስክሞክረው ድረስ ሱፍና ላብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚገቡ አይመስለኝም ነበር።

ብስክሌት ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ሯጭ ሲደክመውና ሲያዘግም ነፋሱም አብሮ ይበርድለታል። ብስክሌተኛ ላይ ተቃራኒው ነው የሚደርሰው። ዳገቱን ላብ በላብ ሆኖ ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ደርሶ ፔዳል መምታቱን ሲያቆም ያኔ ነፋሱ ይበረታበታል። የሚያስፈልገው ለዳገትም ለቁልቁለትም የሚሆን ልብስ ነው። በመንገድ ላይ ልብስ መቀያየር ደግሞ ጣጣ ነው።

ሱፍ የበግ ፀጉር ነው። እንደ ራሳችን ፀጉርና ጥፍር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ። ውጪው ጠብታን ይገፋል፤ ውስጡ ግን ተን ይወዳል። የራሱን ክብደት ሲሶ ያህል እርጥበት አስገብቶ እንኳ በእጅ ሲነካ እርጥብ አይመስልም። ስለዚህ ላባችንን ገና ተን ሳለ፣ ጠብታ ሳይሆን፣ ከቆዳችን ላይ ያነሳዋል። ተኑን ሲመጥ ደግሞ ጥቂት ሙቀት ይለቃል። ፀጉሩ ስለሚጠቀለል በየመሃሉ አየር ያቅፋል፤ ቁልቁለቱ ላይ የሚያድነን ያ ያልተንቀሳቀሰ አየር ነው።

የሽታውም ነገር አለ። የፖሊስተር ማልያ አንድ ቀን ከተነዳበት በኋላ ክፍሉን ለብቻው ይሞላዋል። ታጥቦ ደርቆ እንኳ፣ ሰውነት ሞቅ ሲል የብብቱ ሽታ ተመልሶ ይመጣል። ሱፍ ሽታውን ውስጡ አምቆ ይይዝና አየር ሲያገኝና ሲታጠብ ይለቀዋል። ይሄ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ሱፍ መርከስ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው የፖሊስተር ማልያ አራት አምስት ያስፈልገዋል። ሱፍ ከሆነ አንዱ ይበቃል። ሁለተኛው ድሎት ነው።

ጉዱን ደግሞ አልደብቅም። ጭልጥ ብሎ የራሰ የሱፍ ሹራብ እንደ እርጥብ በግ ይከብዳል፣ እንደ እርጥብ በግም ይሸታል። ለመድረቅ ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ነፋስ ደግሞ እንደ ወንፊት ያልፈዋል። ለዚህ መላው ከላይ ስስ የነፋስ ሰደርያ መደረብ ነው፤ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ ዓይነት። የድሮ ተወዳዳሪዎች ተራራ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከተመልካች እጅ ጋዜጣ ተቀብለው ደረታቸው ላይ፣ ከማልያቸው ሥር ይከቱት ነበር። ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። ሲንኮሻኮሽ ግን ሰው ዞር ብሎ ያያል።

ብስክሌትና ሱፍ የተፋቱት ያን ያህል ሩቅ በሆነ ዘመን አይደለም። ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው የብስክሌት ውድድር መሪው የሚለብሰው ቢጫ ማልያ በ1919 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለበስ የሱፍ ነበር። የለበሰውም ኡዤን ክሪስቶፍ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰው ሠራሽ ክር የሚያመርት ድርጅት ስፖንሰር ሆነና ቢጫው ማልያ ላይ የራሱን ክር አስገባበት። ፈረንሳዊው ተወዳዳሪ ሉዊዞን ቦቤ ግን አልለብስም አለ። አቧራና ላብ ባለበት ሥራ ገላዬን የሚነካው ሱፍ ብቻ ነው ብሎ ግትር አለ። ስፖንሰሩ ቅር ቢለውም፣ አዘጋጆቹ ቢጨነቁም፣ በመጨረሻ የሱፍ ማልያ ተሠርቶ መጣለት። ሰውዬው በኋላ ከ1953 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ቱርን ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። በሱፉ ምክንያት ነው አልልም።

ሁሉም ነገር ሱፍ ይሁን የሚሉ ግን አሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ያኔ አጭር ሱሪውም የሱፍ ነበር፤ መቀመጫው ላይ እውነተኛ ቆዳ ይሰፋበታል። ቆዳው ታጥቦ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይደርቃል፤ ቅባት እየተቀባ ነበር የሚለሰልሰው። ሱፉ ደግሞ ሲርስ ወደ ታች ይንሸራተታል። ዱፖን ኩባንያ ውስጥ በ1958 እ.ኤ.አ. የተፈለሰፈው ያ የሚለጠጥ ክር፣ ዛሬ ላይክራ የምንለው፣ ለብስክሌተኛ መቀመጫ ያደረገውን ውለታ መካድ ግፍ ነው። ከዚህም በላይ ኮርቻ ሱፍን ፍቆ ይጨርሰዋል። የሱፍ አጭር ሱሪ አትግዙ፤ በነፃ ካልተሰጣችሁ በቀር። ከወገብ በላይ ሱፍ፣ ከወገብ በታች ላይክራ፣ እግር ላይ እንደገና ሱፍ። የኔ ሥርዓት ይሄ ነው።

ወደ ፍለጋው ልግባ። ሰልባጅ ክምር ውስጥ፣ የዘመድ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ወይም ብርዱ ሲያበቃ ዋጋ የተቀነሰላቸው መደበኛ ልብሶች መሃል፣ የትም ይሁን የትም፣ መጀመሪያ የሚሠራው እጅ ነው። ዓይን ይታለላል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ከሩቅ ሲያዩት ሱፍ ይመስላል። ሲዳብሱት ግን የሆነ የሚንሸራተት፣ የሚንቋቋ ነገር አለበት። ሱፍ ጭምቅ አድርጋችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል። አክሪሊክ ተጨማዶ ይቀራል፣ ወይ በአንዴ ይዘላል። ይሄን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው፤ አሥር ሹራብ ከጨበጣችሁ በኋላ ግን እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ምልክት ወረቀቱ ይነበባል። አብዛኛውን ጊዜ ግራ ጎን ላይ፣ ከስፌቱ ሥር ነው። «ሱፍ» የሚለው ቃል ብቻውን አያጽናናችሁ፤ መቶኛውን ፈልጉ። 100 ከሆነ ደስ ይላል። ከ80 በላይ ሆኖ ቀሪው ናይለን ከሆነ ደግሞ፣ ለብስክሌት እንዲያውም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ናይለን ጥንካሬ ይሰጣል፤ በተለይ ካልሲ ላይ። 30 ሱፍ፣ 70 አክሪሊክ የሚል ካያችሁ ግን መልሳችሁ አስቀምጡት። ስሙ ሱፍ፣ ግብሩ ላስቲክ ነው።

ወረቀቱ ተቆርጦ ከጠፋ ሌላ ዘዴ አለ፤ እሳት። ከውስጥ ስፌት ላይ አንድ ክር ነቅላችሁ፣ በወረንጦ ይዛችሁ፣ የውሃ ገንዳ ላይ ሆናችሁ ለኩሱት። ሱፍ ከሆነ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲነሳለት ራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። አክሪሊክና ፖሊስተር ቀልጠው ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናሉ። ይሄን ቤታችሁ አድርጉት። ሻጩ ፊት ክብሪት አትጫሩ።

ከዚያ የውፍረቱ ጉዳይ። «ሱፍ ይኮሰኩሰኛል» የሚል ሰው ሁልጊዜ ይገጥመኛል። የሚኮሰኩሰው ሱፍ በመሆኑ አይደለም፤ ፀጉሩ ወፍራም በመሆኑ ነው። የሱፍ ፀጉር ውፍረት በማይክሮን ይለካል። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ናት። የሰው ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይሆናል። ወደ 30 የሚጠጋ የሱፍ ፀጉር ጫፉ ቆዳችንን ሲነካ አይታጠፍም፤ ይወጋል። ከ20 በታች የሆነ ሜሪኖ ግን ስለሚታጠፍ አይቆረቁርም። ልብስ ላይ ይሄ ቁጥር ሁልጊዜ አይጻፍም። እኔ የምለካው በአንገቴ ነው። ሹራቡን አንስቼ ከአገጬ ሥር አስጠጋዋለሁ፤ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ። ካሳከከኝ ገላ የሚነካ ልብስ አይሆነኝም። ከሌላ ስስ ልብስ በላይ ለመደረብ ግን ያው ሹራብ ተስማሚ ሊሆን ይችላል።

የጨርቁ ክብደትም አለ። የሸመናው ዓይነት ሳይገባኝ በፊት ወፍራሙን ሁሉ እገዛ ነበር። ስሕተት ነው። ብስክሌት ላይ ሰው እሳት ነው። በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ግራም የሚመዝን ስስ ሱፍ ለአብዛኛው ቀን ይበቃል። ከ250 በላይ የሆነው ለእውነተኛ ብርድ ነው። ሚዛን ይዞ የሚዞር ስለሌለ፣ ሹራቡን ወደ ብርሃን አንሱት። ብርሃኑ በእኩል ሰንጥቆ ካለፈ ስስ ነው። ይኸው ፍተሻ ሌላም ነገር ያሳያል። የብል ቀዳዳ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ክርንና ብብት ከሌላው ገላ የበለጠ ብርሃን ካሳለፉ ደግሞ ጨርቁ እዚያ ጋ አልቋል ማለት ነው።

አንድ ሁለት ቀዳዳ አያስፈራኝም። ቀዳዳ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። የምሸሸው የገባ ሹራብ ነው፤ ማለትም አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃ ታጥቦ የተጠቀጠቀውን። የሹራቡ ዓይን፣ ያ የተጠላለፈው ቀለበት፣ ለይቶ ካልታያችሁ አልቆለታል። ጋሼ የኔን ማልያ በጣታቸው ጫን ጫን ያደረጉት ለካ ይሄን ሲፈልጉ ነው።

ካሽሚር ብታገኙ ደስ አይበላችሁ። ከፍየል የሚገኝ ነው፤ ልስላሴው ልብ ይሰርቃል። የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ ሲፈትገው ግን በአንድ ወር ውስጥ ትንንሽ ኳስ በኳስ ይሆናል። ለአንገት ብቻ አስቀምጡት። እንደገና ከተፈተለ አሮጌ ሱፍ የተሠራም አለ። በ1813 እ.ኤ.አ. ቤንጃሚን ሎ የተባለ እንግሊዛዊ ነው ባትሊ በምትባል ከተማ አሮጌ የሱፍ ቡትቶ ፈጭቶ እንደገና መፍተልን የጀመረው። የዚያ ጨርቅ ስም ሾዲ ነበር፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ዛሬ «የማይረባ» ለማለት ነው የሚያገለግለው። ክፉ ስም ያወጣለት የፀጉሩ ማጠር ነው። ሲፈጭ ፀጉሩ ይቆራረጣል፤ አጭር ፀጉር ደግሞ ከፈትሉ ቶሎ ይወጣል። እንደ መደረቢያ ምንም አይልም። ቦርሳ ለሚፈትገው ትከሻ ግን አይሆንም።

ቅርጹን ስታዩ ቆማችሁ አትለኩ። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፣ ወገባችሁን ጎንበስ አድርጉ፤ መሪ እንደያዛችሁ። ጀርባው ወገባችሁ ላይ መድረስ አለበት። እጅጌው አንጓችሁን መሸፈን አለበት። ቁልፍ ያለው ስስ ሹራብ ብታገኙ ዕድለኞች ናችሁ። ዳገት ላይ ትከፍቱታላችሁ፣ ጫፍ ላይ ትቆልፉታላችሁ። ከብስክሌት ማልያ ዚፕ በምንም አያንስም። የሚጎድለው የጀርባ ኪስ ነው። እሱም ቢሆን ይቅርባችሁ። የሱፍ ማልያ ኪስ ስልክና ጎማ መነቅነቂያ ሲሞላበት እስከ ጭን ይረግባል።

ከምን ልጀምር ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፤ ከካልሲ። ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ልዩነቱ ግን የዚያኑ ቀን ይታወቃል። ቀጥሎ የአንገት መጠምጠሚያና ስስ ጓንት። ከዚያ ገላ የሚነካ ስስ ልብስ። ሹራቡ መጨረሻ ይመጣል፤ ሰው ግን ሁልጊዜ ከሹራብ ነው የሚጀምረው። አንዳንዱ ደግሞ መግዛት አያስፈልገውም። ገላው ያለቀ፣ እጅጌው ደህና የሆነ ሹራብ ካላችሁ፣ እጅጌዎቹን ከብብቱ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡ። የተቆረጠውን ጫፍ አጥፋችሁ ስፉበትና ላስቲክ አስገቡበት። የክንድ ማሞቂያ ማለት እሱ ነው። ጠዋት ሲበርድ ይለበሳል፣ ሲሞቅ ወልቆ ኪስ ይገባል። የመጀመሪያውን ጥንድ የሠራሁት ላስቲኩን አጥብቄ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ስነዳ ጣቶቼ ደነዘዙ። ላላ አድርጉት።

አሁን እጥበት። የኔ ማልያ ለምን እንደሞተ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እያንዳንዷ የሱፍ ፀጉር ላይዋ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው። ቅርፊቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተደራርበዋል። ሙቅና እርጥብ ሲሆኑ ፀጉሩ ይለሰልሳል። በዚያ ላይ ሲታሽ ፀጉሮቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ቅርፊቱ ወደ ፊት ያስኬዳል፣ ወደ ኋላ አይመልስም። እንደ በር መቀርቀሪያ። አንዴ ከገባ ገባ ነው። ገበያ ላይ በማጠቢያ ማሽን ይታጠባል የሚባለው ሱፍ ቅርፊቱ በክሎሪን ተነክቶ በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ለዚህም ነው የሚታገሠው።

ጥፋቱ እሽታው ብቻ አልነበረም። የዱቄት ሳሙናው ውስጥ ኤንዛይም ነበረበት። ከኤንዛይሞቹ አንዱ ዓይነት ሥራው ፕሮቲን መፍጨት ነው፤ እድፍ ያስለቅቃል። ሱፍ ደግሞ ራሱ ፕሮቲን ነው። ሹራቡን ሊበላ የሚችል ነገር እየነሰነስኩበት ነበር። በረኪና ከዚህም ይብሳል፤ ሱፍን ያሟሟዋል። የልብስ ማለስለሻም አያስፈልገውም፤ ፀጉሩን ይለብጠዋል። ለሱፍ የተሠራ ፈሳሽ ሳሙና ከሌለ፣ ለፀጉራችን የምንጠቀምበት ተራ ሻምፑ ከበቂ በላይ ነው። ፀጉር አይደል?

ዋናው ነገር ግን አለማጠብ ነው። ከነዳሁ በኋላ ሹራቤን ገልብጬ፣ አየር የሚገባበት ቦታ፣ ጥላ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት አሸተዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ምንም አይልም። የተረጨበት ጭቃ ካለ እስኪደርቅ እጠብቅና በብሩሽ አራግፈዋለሁ፤ እርጥብ ጭቃ ማሸት ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። የሰንሰለት ዘይት የነካው ቦታ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብ አድርጌ በጣቴ ጫን ጫን። ያንኑ ቦታ ብቻ።

የግድ መታጠብ ሲኖርበት ውሃው ከ30 ዲግሪ አይበልጥም። በእጅ ሲነኩት ሙቀቱ የማይሰማ። ሻምፑው አስቀድሞ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ሹራቡ ይገባል። አይታሽም። ጫን፣ ለቀቅ። ጫን፣ ለቀቅ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። የሚለቀለቅበትም ውሃ ያው ሙቀት ይሁን። ሲወጣ በሁለት እጅ ከሥር ይደገፋል፤ እርጥብ ሱፍ ደካማ ነው፣ በትከሻው ካነሳችሁት ራሱ ክብደቱ ይጎትተዋል። መጠምዘዝ የለም። ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልሉትና ጥቅልሉ ላይ ተንበርከኩበት። ፎጣው የሚመጠውን ውሃ ስታዩ ትገረማላችሁ። ከዚያ ሌላ ደረቅ ፎጣ ላይ፣ ቅርጹን አስተካክላችሁ፣ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ይደርቃል። መስቀያ ላይ የደረቀ ሹራብ ትከሻው ቀንድ ያወጣል።

ማሽን ያለው ሰው የሱፍ መርሐ ግብሩን ይጠቀም፤ በመረብ ከረጢት ከትቶ። የሌላ ልብስ ዚፕ ክፍቱን ከሱፍ ጋር አይግባ። ምልክት ወረቀቱ ላይ የውሃ ሳህን ተስሎ እጅ ካለበት በእጅ ማለት ነው። ሳህኑ ላይ መስቀል ካለበት ውሃ አይነካውም ማለት ነው። ለተራ ሹራብ ግን ይሄን የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ ጥሼ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ፣ ምንም አልሆነብኝም። ገበር ያለው ኮት ከሆነ አልደፍርም።

ብልና ዝገት ሁልጊዜ አብረው ሲጠሩ ይገርመኝ ነበር። ብስክሌትና ሱፍ ያለው ሰው ግን ለምን እንደተጣመሩ ይገባዋል። አንዱ ሹራቡን፣ አንዱ ሰንሰለቱን። ለዝገቱ ዘይት አለ። ለብሉ ግን ንጽሕና ነው። የምትበርረው ቢራቢሮ መሳይ ልብስ አትበላም፤ አፏ ለዚያ አይሆንም። የሚበላው ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። ጨለማ፣ ጸጥታና ላብ ያለበት ሱፍ ይወዳል። ጋሼ «በዓመት አራቴ» ያሉት እዚህ ላይ ወሰን አለው። ብርዱ አልፎ ሹራቡ ለወራት ሊቀመጥ ሲል ያለ ሰበብ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሸጋል። ሰልባጅ ገዝቼ ስመለስም ከሌላው ጋር አልቀላቅልም። ከረጢት ውስጥ አሽጌ ፍሪዘር ውስጥ እከተዋለሁ፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ ሁለት ሳምንት። ሲወጣ ከረጢቱ የሚከፈተው ወደ ቤቱ ሙቀት ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ያለዚያ ጤዛው ልብሱ ላይ ያርፋል። ቤተሰቤ ፍሪዘር ከፍቶ ካልሲ ሲያይ መጮኹን ትቷል።

ቀዳዳ ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርም፣ በትንሽነቱ ያዙት። የሱፍ ክር፣ ትልቅ መርፌ፣ ከሥሩ የሚደገን ክብ ነገር፤ ያለቀ አምፖል ይሆናል። መጀመሪያ ክሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ትዘረጋላችሁ። ከዚያ ተሻግራችሁ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያላችሁ ታልፋላችሁ። ድርና ማግ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ክሩን ጠበቅ ካደረጋችሁት ጨርቁ ይኮማተራል፤ ላላ ይበል። ቀለሙን ለማመሳሰል ብዙ ደከምኩና ተውኩት። አሁን ግራጫው ላይ ቀይ ነው የምሰፋው። ጋሼ አይተው፣ «አሁን የብስክሌት ልብስ መሰለ» አሉኝ።

ያቺን የመጀመሪያዋን ማልያ አልጣልኳትም። የተጠቀጠቀ ሱፍ ሲቆረጥ አይተረተርም፣ ወፍራም ነው፣ ያሞቃል። የጫማዬን ውስጥ ሶል ወረቀት ላይ ነደፍኩና ሁለት ቆረጥኩባት። ከደረቷ በኩል የወጣው ለግራ እግሬ ደረሰ። ያቺ የተጠለፈችው ትንሽዬ ብስክሌት አሁን ተረከዜ ሥር ነች፤ ጫማዬን ባወለቅኩ ቁጥር አያታለሁ፣ መንኮራኩሯ ትንሽ ተፍቋል።